አሥራ አራተኛዋ ጃንጥላ

ከፍርድ ቤቱ ኤግዚቢት ክፍል የእጅ ሰዓት ጠፋ ተብሎ ሲደወልለት ኢንስፔክተሩ ቁርሱን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም ነበር። ዝናቡን እየረገመ፣ ጭቃውን እየዘለለ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ። የመጣው ሌባ ሊይዝ ነው። በሩን ገና ከመርገጡ ግን፣

«ቁሙ!» የሚል ድምፅ ባለበት አደረቀው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ማን መሆንዎን አውቃለሁ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ሰው አይጠፋኝም። እጅ ወደ ላይ!»

ምን ያድርግ? ሰቀለ። ከኋላው የተሰለፈው ባለጉዳይ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ ግን ፈገግም አላሉ። በዚህ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሙ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ዳኛም ይሁን ጠበቃ፣ ባለጉዳይም ይሁን ባለሥልጣን፣ «ቁሙ!» ሳይሉት ያለፈ ሰው የለም። ትክክለኛ ስማቸውን የደመወዝ ክፍሉ ካልሆነ ማንም አያስታውሰውም፤ ግቢው በሙሉ «እትዬ ቁሙ» ነው የሚላቸው። በእጃቸው የያዙትን የብረት መፈተሻ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አዞሩበት። ወገቡ ላይ ጮኸ። ሽጉጡን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበትና ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ሰጡት።

«ዘጠኝ ቁጥር። እንዳይጥሏት።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለምርመራ ነው የመጣሁት።»

«ለምን እንደመጡማ አውቃለሁ። ተጠርጣሪዋ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቁሙ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው እንደሚል ሰው ረጋ ብለው።

ኢንስፔክተሩ ክው አለ። ምን ማለት ነው ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። አለቃው፣ ዋናው ኢንስፔክተር ናቸው።

«ስማ፣ የላክሁህ ቅርብ ስለሆንክ ነው። የበሯ ጥበቃ እናትህ መሆኗን አሁን ነው የነገሩኝ። እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ራሴ እመጣለሁ። እስከዚያ ሳይፈተሽ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር። ሰዓቱ ካልተገኘ፣ የክፍሉ ቁልፍ የነበረው እሷ ጋ ስለሆነ ይዣት እሄዳለሁ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል ጌታዬ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው።

«ምን አሉህ?» አሉ እናቱ። ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ምን አሉዎት?» ብለው አስተካከሉ።

«ምንም አላሉኝም።»

«ሲዋሹ ጆሮዎ ይቀላል። ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው።»

ከበሩ እስከ ችሎቶቹ ድረስ መጠለያ የሌለው ሰፊ ግቢ አለ። እትዬ ቁሙ በጥበቃ ቤታቸው ጥግ አንድ አሮጌ በርሜል አላቸው፤ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ጃንጥላዎች የሞሉበት። አንዲት ሴት ያመጣችው ሰነድ ግቢው መሃል በዝናብ በስብሶ ቀጠሮዋ ለስድስት ወር ከተላለፈባት ወዲህ የጀመሩት ሥራ ነው፤ ያዘዛቸው ሰው የለም። እያንዳንዷ ጃንጥላ ቁጥር ተንጠልጥሎላታል። ለሚገባም ለሚወጣም፣ መታወቂያ ይዘውና ደብተር ላይ ጽፈው ያውሳሉ።

«ይኸው ስድስት ቁጥርን ይያዙ። በግራ በኩል ታፈሳለች፤ ትከሻዎን ወደ ቀኝ ያድርጉ።»

ዘወር ሲል አንድ ጠበቃ የራሱን ጃንጥላ ይዞ ገባ። መፈተሻው ጃንጥላው ላይ ጮኸ። «ጃንጥላ ነው፤ ሽቦ ነው፤ ይጩህ» ብለው አሳለፉት።

ኤግዚቢት ክፍሉ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነው። ባዶውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆሟል።

«ሰዓቱ የማን ነበር?»

«የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። የተሰረቀባቸው ከስፌት መኪናቸው ላይ አንስተውባቸው ነው፤ አንድ ደላላ እጅ ላይ ተገኘ። ቀጠሯቸው ዛሬ ስምንት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱ ከሌለ ደላላው በነፃ መውጣቱ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለም።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ከካዝናው አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አደረግኩት፤ ለችሎቱ እንዲዘጋጅ። ከዚያ ማዶ ሕንፃ ለፊርማ ወጣሁ። ወደዚያ የሚኬደው በበሩ በኩል ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት ቁልፉን ለእትዬ ቁሙ ሰጠሁ። ሦስት ተኩል ላይ ተቀብዬ ብመለስ… ይኸው ፖስታው ባዶ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሌላ ቁልፍ የለም።»

«በሩን ቆልፈው ነበር?»

«ቆልፌያለኋ!» አለ ኃላፊው ቶሎ ብሎ። ትንሽ በጣም ቶሎ ብሎ።

ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ ተመለሰ። እናቱ ወንበር አዘጋጅተው፣ ዩኒፎርማቸውን አስተካክለው፣ ፎቶ ሊነሱ እንደተዘጋጁ ሆነው ተቀምጠው ጠበቁት።

«ቃሌን ይቀበሉ።»

«እማዬ፣ ይቅርብን። አለቃዬ ሲመጡ…»

«ሌላውን ሁሉ ጠይቀው እኔን ቢዘልሉኝ ሰው ምን ይላል? እናቱን ሸፈነ አይልም? ይጻፉ ብያለሁ!»

ጻፈ። እጁ ግን አልታዘዘው አለ፤ ፊደሉ ሁሉ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል።

«የቤተሰብ ሁኔታ?»

«ባሌ አርፏል። አንድ ልጅ አለኝ። ፖሊስ ነው።»

«እሺ…»

«አልጨረስኩም። ደህና ልጅ ነው። ግን እሁድ እሁድ ይጠፋል። ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ፤ ሥራ በዛ ይለኛል። ይጻፉት።»

«ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?»

«ቃሌ ነው፤ ቃል ደግሞ አይቆራረጥም። ይጻፉት።»

ጆሮው እስኪግል ድረስ ቀልቶ ጻፈው። ከዚያ ስለ ቁልፉ ጠየቀ። ቁልፉን ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ተቀብለው ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት፤ ሦስት ተኩል ላይ መልሰው ሰጡት፤ በመሃሉ የነካው ሰው የለም። ዓይናቸውን ከሰሌዳው ላይ አልነቀሉም።

«እንደዚያ ካልሽ እኮ ጉዳዩ በራስሽ ላይ ይጠናል!» አለ ኢንስፔክተሩ፣ የመርማሪነት ወጉን ረስቶ።

«እና ልዋሽ? ያላየሁትን አየሁ ልበል?» አሉ። ከዚያ የጥበቃ ቤቱን በር ሊዘጉ ተነሱና በትከሻቸው ሁለት ጊዜ ገፉት። «ይሄ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጣል። የዚህ ግቢ በር ሁሉ እንዲህ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሁሉ?»

«ሁሉ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። የኤግዚቢት ክፍሉን በር ሳበው፤ ገጠመ። ቁልፉን ሲያዞር ግን ወይ ፍንክች! ምላሱ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ። በትከሻው ገፋ፤ በጉልበቱ ደገፈ፤ ሊቆለፍ አልቻለም።

«እስቲ እርስዎ ይቆልፉልኝ» አለው ኃላፊውን።

ኃላፊው በሩን አየ፤ ኢንስፔክተሩን አየ፤ ወለሉን አየ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አልቆለፍኩትም። በዝናብ ጊዜ አይቆለፍም። ሦስት ሰው ነው የሚፈልገው። ገጠም አድርጌው ነው የሄድኩት፤ በየክረምቱ እንደዚያ ነው የማደርገው። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ልጆች አሉኝ!»

«የእኔም እናት ልጅ አላት» አለ ኢንስፔክተሩ። ተናዶ ቢናገረውም ውስጡ ግን ዘፈን ዘፈን አለው። ቁልፉ እናቱ ጋ መሆኑ አሁን ምንም አይደለም፤ በኮሪደሩ ያለፈ ሰው ሁሉ መግባት ይችል ነበር።

ኮሪደሩን ከጠዋት ጀምሮ ስታጸዳ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። መወልወያዋን ተደግፋ ቆጠረችለት።

«የደላላው ጠበቃ መዝገብ ሊያይ መጥቶ ሄደ። ፎቶ ኮፒው፣ የኪዮስኩ ሰውዬ፣ ወረቀት አድርሶ ወረደ። ሁሉም ጭቃቸውን እየጎተቱብኝ! ወጣቱ ጥበቃ ግን… ኧረ እሱስ ጤና የለውም። አራት ጊዜ ወጣ፣ አራት ጊዜ ወረደ። ላብ በላብ ሆኗል። ብቻውን ያወራል። ስጠይቀው ሽንት ቤት ፈልጌ ነው አለኝ። ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ይጠፋዋል?»

ወጣቱ ጥበቃ የእትዬ ቁሙ ባልደረባ ነው፤ ጎረምሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን። በሩ ላይ አቁመው ሲጠይቁት ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ።

«እጅ ወደ ላይ» አሉት እትዬ ቁሙ።

«እትዬ፣ እኔን?»

«እኔንም ጽፈውኛል፤ አንተ ማን ነህ?»

መፈተሻው ደረቱ ላይ ዝም፣ ወገቡ ላይ ዝም፣ ጫማው ላይ ዝም አለ። ራሱ ላይ ሲደርስ ጮኸ። ባለጉዳዩ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ኢንስፔክተሩ የልጁን ቆብ አነሳና ገበሩን ገለጠ። ትንሽ ቀይ ሣጥን። ከፈታት።

ቀለበት ናት።

«ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ነው» አለ ወጣቱ። «ዛሬ ልጠይቃት ብዬ ነው። አራት ጊዜ በሯ ድረስ ሄድኩ። አራት ጊዜ ፈራሁ።»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ግርግሩን ሰምታ መስኮቷን ከፍታ ነበር። ሁሉም ዞሮ አያት። እሷም ሁሉንም አየች፤ ከዚያ ልጁን አየች።

«ምን ትጠብቃለህ፣ አምጣት እንጂ!» አለች ከላይ።

ዝናቡ እየወረደ ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። እትዬ ቁሙ እልል አሉ፤ ሥራ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኢንስፔክተሩም አጨበጨበ። ካጨበጨበ በኋላ ግን ግድግዳውን አየ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ሰዓቱ አልተገኘም፤ የያዘው ክር ሁሉ ተበጠሰ። የደላላውን ጠበቃ ቦርሳም በፈቃዱ በረበረው፤ ከወረቀትና ከአንድ ብርቱካን በቀር ምንም የለውም።

የእናቱን ቃል ሦስት ኮፒ ለማስነሳት ግቢው ውስጥ ወዳለችው የፎቶ ኮፒ ኪዮስክ ገባ። ገና አንገቱን ሲያስገባ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ትልቅ ጃንጥላ ግንባሩን መታው፤ አቧራው ትከሻው ላይ ረገፈበት።

«ይቅርታ ጌታዬ! እሱን እዚያ ስለሰቀልኩት የኔ ደንበኛ በሙሉ ግንባሩ ላይ ምልክት አለው» አለ ፎቶ ኮፒው እየሳቀ። ግቢው የሚወደው ተጫዋች ሰው ነው፤ ለደሃ ባለጉዳይ በነፃ ያነሳል፣ ለዳኞች ልጆች ደብተር ይጠርዛል። ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ ቁሙን ልታስሩ ነው እንዴ? ኧረ በፈጠራችሁ! ይሄ ግቢ እኮ ያለ እሳቸው አይቆምም።»

«እኔስ ያለ እሳቸው የምቆም ይመስልሃል?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጠዋት ላይ ነበርክ?»

«እንደ ወትሮው። ወረቀት አደረስኩ፣ ተመለስኩ። ይፈትሹ፤ ምንም አይደል።»

ፈተሸ። ከወረቀት፣ ከቀለምና ከማሽን በቀር ምንም የለም። ፎቶ ኮፒው ሦስቱን ኮፒ በነፃ ሰጠው።

ወደ ጥበቃ ቤቱ ሲመለስ ዝናቡ አባራ። አግዳሚው ላይ ባለሰዓቱ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቀጠሯቸውን ሲጠብቁ ከእናቱ ጋር ወሬ ይዘዋል።

«ሚስቴ ነበረች የገዛችልኝ» ይላሉ። «በጊዜ ግባ ብላ። እኔ ደግሞ ሥራ ከያዝኩ ቀኑን አላውቀውም። ከሞተች ወዲህ ሰዓቱን አይቼ በጊዜ እገባለሁ። የምትጠብቀኝ የለችም፤ ግን እገባለሁ።»

እትዬ ቁሙ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉት። ኢንስፔክተሩ ነገሩ ገብቶታል፤ አልሰማም ብሎ ፊቱን ወደ በርሜሉ አዞረ።

ከዚያ ዓይኑ እዚያው ቀረ።

ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ ርጥብ ጃንጥላ ጠቅልሎ አስሮ ማዕዘን ላይ አቁሞ ነበር። እናቱ ጆሮውን ይዘው ነበር ያስተማሩት፤ ርጥብ ጃንጥላ አይታሰርም፣ ይሸታል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ ላላ ተደርጎ ይቆማል። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጃንጥላዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ሁሉም ላባዋ እንደራሰ ዶሮ ተርገፍግፈው ውሃቸውን ያንጠባጥባሉ። ከመሃላቸው አንዷ ብቻ ማሰሪያዋ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። የተንጠለጠለባትን ቁጥር አየ። አሥራ አራት።

«እማዬ፣ ያቺን ማን አሰራት?»

እትዬ ቁሙ አዩና ደማቸው ፈላ። «ማን ነው ርጥብ ጃንጥላ ያሰረው? እጁን ይቁረጠው! ስንት ጊዜ ነው የምናገረው?» ብለው ዘለው መዘዟት። ማሰሪያዋን ሲፈቱ አንድ ነገር እጥፋቱ ውስጥ ተንከባለለ። ኢንስፔክተሩ እጁን አስገባ።

ሰዓቱ ነው። መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው በእጅ የተሰፋ።

ሽማግሌው «ሰዓ…» ብለው ሲጀምሩ ኢንስፔክተሩ አፋቸውን በራሳቸው ኮፍያ ከደነው። «አባቴ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ ድምፅዎን አያሰሙ!»

«ተገኘ! ልጄን!» አሉ እትዬ ቁሙ፤ ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«የተገኘው የት ነው እማዬ?» አለ በሹክሹክታ። «ያንቺ በርሜል ውስጥ። ዋናው ኢንስፔክተር ይሄን ቢያዩ ምን ይላሉ?»

እትዬ ቁሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ዛሬ ያቺን ማን ተዋሰ? ደብተሩን አሳዪኝ።»

ገጹን ገለጡ። የአሥራ አራተኛዋ መስመር ባዶ ነው። «የማይጻፍ አለ» አሉ እናቱ አንገታቸውን ደፍተው። «የግቢውን ሰው አልጽፍም። ጓደኛ ነው፣ ባልደረባ ነው፤ እያለፈ አንዷን መዝዞ ይሄዳል፣ ይመልሳል። ዳኛንም እፈትሻለሁ እያልኩ… ይሄን ተሳሳትኩ። በራሴ ስህተት ነው የምታሰረው።»

«ማንም አይታሰርም! ሌባው በጃንጥላው የፈለገው ሰዓቱን ማስወጣት ነው። ጃንጥላ ሁሌ ስለሚጮህ ማንም ልብ አይለውም፤ ራስሽ ጠዋት ለጠበቃው ስትዪ ሰምቻለሁ። ምሳ ሰዓት ደርሷል። ይመጣል።»

«ዝናቡ እኮ ቆሟል።»

«እሱ ነው የሚያጋልጠው። ፊሽካሽን ስጪኝ።»

ሰዓቱን ሽማግሌው ፊት በፖስታ አሽጎ አስፈረማቸው። በምትኩ የእናቱን የብረት ፊሽካ በመሐረብ ጠቅልሎ ጃንጥላዋ ውስጥ ከተተና እንደነበረችው አጥብቆ አሰራት። ሽማግሌውን ይዞ ከጥበቃ ቤቱ በር ጀርባ ቆመ። ሽማግሌው እንዳያመልጣቸው ኮፍያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ይዘዋል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው መውጣት ጀመረ። ፀሐይዋ በግቢው ኩሬ ሁሉ ላይ ታንጸባርቃለች። ኤግዚቢት ኃላፊው ተፈትሾ ወጣ፤ በርሜሉን ዞር ብሎም አላየም። ጽዳቷ ወጣች። የደላላው ጠበቃም የራሱን ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ወጣቱ ጥበቃና የመዝገብ ቤቷ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ እነሱ እንኳን በርሜል መንገዱንም አላዩ። ኢንስፔክተሩ ተስፋው ሊሟጠጥ ሲል አንድ የሚያፏጭ ሰው መጣ።

«እትዬ ቁሙ፣ እንዴት ዋሉ? እስቲ አንዷን ጃንጥላ ያውሱኝ፤ ምሳ በልቼ ልምጣ።»

ፎቶ ኮፒው ነው።

«ዝናቡ እኮ አባርቷል» አሉ እትዬ ቁሙ። ድምፃቸው ፍንክች አላለም።

«ለፀሐዩ ነው። ራሴን ያመኛል።»

«ምስኪን! ያቺን ነጠብጣቧን ውሰድ፤ ሰፊ ናት።»

«አይ፣ ይቺ ትበቃኛለች» ብሎ አሥራ አራተኛዋን መዘዘ።

«እሷ እኮ ሁለት ሽቦዋ ተሰብሯል።»

«ለምጃታለሁ።»

መፈተሻውን አዞሩበት። ጃንጥላዋ ጋ ሲደርስ ጮኸ። «ጃንጥላ ነው፤ ሽቦ ነው» አለ ፎቶ ኮፒው ቀድሟቸው።

«ሽቦ ነው፤ ይጩህ» አሉ። «በል ሂድ። ግን ክፈታት እንጂ።»

«መንገድ ላይ እከፍታታለሁ።»

«ፀሐዩ እኮ እዚህም አለ። ራሴን ያመኛል አላልክም? አናትህ ሲቃጠል ቆሜ አላይም፤ ክፈታት!»

«ግዴለም እትዬ፣ እኔ…»

«ቁሙ!»

ፎቶ ኮፒው ሳያስበው ቀጥ አለ፤ ልማድ ነው። እትዬ ቁሙ ማሰሪያዋን ላጥ አድርገው ፈቱ፣ መክፈቻዋን ተጫኑ። ጃንጥላዋ ቧ ብላ ስትከፈት መሐረቡ ወደ መሬት በረረ። ፎቶ ኮፒው ሁለት እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ቀለበው፤ ገለጠውና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ፊሽካ? ሰዓቱስ?» አለ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

«የቱ ሰዓት?» አለ ኢንስፔክተሩ ከበሩ ጀርባ ብቅ ብሎ። «ኪዮስክህ ውስጥ ግንባሬን የመታኝ ጃንጥላ አቧራ ነበረበት። ጠዋቱን ሙሉ ሲዘንብ ወረቀት ይዘህ ግቢውን አቋርጠሃል፤ ጃንጥላህ ግን ደረቅ ነው። የማንን ይዘህ ነበር? በወቅቱ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።»

ፎቶ ኮፒው አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ያ ሁሉ ጨዋታ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ደላላው የሚስቴ ወንድም ነው» አለ። «ወንድሜ ወንድሜ እያለች ስታለቅስ ሰነበተች። ወረቀት ሳደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ሳየው ሰይጣን አሳሳተኝ። ሰዓቱን በያዝኳት ጃንጥላ ውስጥ ጣልኩት። ስወርድ ጩኸት ሰማሁ፤ ኪዮስኬ ይፈተሻል ብዬ አሰርኳትና በርሜሉ ውስጥ መለስኳት።» ከዚያ እትዬ ቁሙን ቀና ብሎ አየ። «እርስዎ ይጠየቃሉ ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም። ቃልዎን ሳነሳ እጄ ሲቃጠል ነበር።»

«እጅህ ሲቃጠል መናገር ነበረብሃ!» አሉ እትዬ ቁሙ። ተናደዋል፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «በል እሺ፣ ውሃ ጠጣ፤ ፊትህ ነጭ ሆኗል።» ከማሰሮው ቀድተው ሰጡት።

ሽማግሌው በመጨረሻ ኮፍያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «አሁን መናገር ይቻላል?» አሉ። ከተፈቀደላቸው ጀምሮ እስከ ችሎቱ ሰዓት አላቆሙም።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ዋናው ኢንስፔክተር ደረታቸውን ነፍተው፣ ግንባራቸውን አኮማትረው ደረሱ።

«ያቺ ጥበቃ የታለች?»

«ቁሙ!»

አለቃው ባሉበት ደረቁ።

«እጅ ወደ ላይ!» አሉ እትዬ ቁሙ። ዋናው ኢንስፔክተር ግራ ቀኝ አዩ፤ አብሯቸው የመጣው ረዳታቸው የገዛ ጫማውን ሲመረምር አዩት። ቀስ ብለው እጃቸውን ሰቀሉ። መፈተሻው የኮታቸው ኪስ ላይ ጮኸ። እትዬ ቁሙ እጃቸውን አስገብተው አንድ የእጅ ካቴና አወጡና በጣታቸው አንጠለጠሉት።

«ይሄ ለማን ነው የመጣው?»

አለቃው ሳል ሳል አላቸው። ኢንስፔክተሩ ቶሎ ብሎ የታሸገውን ፖስታ፣ የፎቶ ኮፒውንና የኃላፊውን ቃል ፊታቸው ዘረጋላቸው። እጃቸውን እንደሰቀሉ አንገታቸውን ዘርግተው አነበቡ። «ለሌባው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለሌባው ነው ያመጣሁት፣ እሜቴ።»

«እንግዲያውስ ውስጥ ተቀምጧል። እጅዎን ያውርዱ።»

አለቃው መዝገቡን እያገላበጡ ሳለ አንድ ወረቀት ላይ ቆሙ። ግንባራቸው ተፈታ፤ ሳቃቸው መጣ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ «‹ደህና ልጅ ነው። ግን እሁድ እሁድ ይጠፋል።› ይሄ ምንድን ነው?»

«የተጠርጣሪዋ ቃል ነው ጌታዬ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ሁለቱም ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

«እሁድ እሁድ እኮ ተረኛ አይደለህም።»

እትዬ ቁሙ ልጃቸውን አዩት። ካቴናው ገና ጣታቸው ላይ ነበር።

ሰዓቱ ችሎት ታይቶ፣ ሽማግሌው በፊርማ ተረክበው እጃቸው ላይ አስረው እየደጋገሙ እያዩ ሲወጡ፣ ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። «በጊዜ ልግባ» ብለው ተሰናበቱ። ኢንስፔክተሩ ሽጉጡን ሊወስድ ቀረበ።

«ዘጠኝ ቁጥር» አሉ እናቱ እጃቸውን ዘርግተው።

ኪሱን ዳበሰ። ሌላውን ኪሱን ዳበሰ። ቆርቆሮዋ የለችም።

«ጣሏት?»

«ጣልኳት እማዬ። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ነው የዋልኩት።» ባዶ ኪሱን ገለበጠ። «ፈርቼ ነበር። ይዘውሽ ቢሄዱ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።»

እትዬ ቁሙ ጎንበስ ብለው መሳቢያውን ከፈቱ። ሽጉጡ አጠገብ ዘጠኝ ቁጥር ቆርቆሮ ተቀምጣለች።

«ቃሌን ስትጽፍ ነው የወደቀችህ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አሉ። «አንሥቼ ዝም አልኩ፤ ሳትሰናበተኝ እንዳትሄድ ብዬ። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ልጄ።»

እርስዎነቱ እንደገና ጠፋ፤ አሁን ግን አላስተካከሉትም። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አቀፋቸው። ሰልፉ ላይ ያለው ባለጉዳይ በሙሉ ያየው ነበር፤ ምንም አልመሰለውም።

«እሁድ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ስድስት ሰዓት። ስትገባ እፈትሽሃለሁ» አሉ እናቱ፤ የዩኒፎርማቸውን ኮሌታ አስተካክለው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

ኢንስፔክተሩ እሁድ አምስት ተኩል ላይ ደረሰና፣ ሳይጠየቅ እጁን ሰቅሎ በሩን በእግሩ አንኳኳ።